«መብራቱ ለከተማው ይሰጥ» ሲባል የገጠሩን ደንበኛ ማን ይወክለዋል?

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ ይህን ይላል።

«ልጄ ጠበቃው፣ ሰላምታዬ ይድረስህ። የምኖረው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከአንዲት ከተማ ወጣ ብላ ባለች ገጠር ቀበሌ ነው። አንድ ወፍጮ አለኝ። መብራታችን የሚመጣው ከከተማው በተዘረጋ መስመር ነው። ባለፈው ሰሞን የከተማው ምክር ቤት አባላት ነዋሪውን ሰብስበው ስለ መብራት አወያዩ። ግማሹ ‹ውሃውን እኛው እንደያዝነው መብራቱም ለከተማው ይሰጠን› አለ። ግማሹ ‹የፌዴራል ንብረት ነው፣ አያገባንም› አለ። እኔም እጄን አውጥቼ ‹መብራቱ የከተማው ከሆነ እኛን የገጠሮቹን ማን ይወክለናል?› ብዬ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው ‹አባቴ፣ እርስዎ የወረዳው ነዎት፤ የከተማው መራጭ አይደሉም› ብሎ አስቀመጠኝ። እውነት ከተማው መብራቱን መረከብ ይችላል? ቢረከብስ እኛ ድምፅ የለንም ማለት ነው? የወፍጮዬ ሞተር ቢቃጠልብኝስ ማንን እጠይቃለሁ?»

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚያ ስብሰባ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ የእርስዎ ነው። ሁለቱም ወገን «ሽቦው የማን ይሁን?» ብሎ ሲከራከር እርስዎ «ለማን ቤት አቤት እንላለን?» ብለው ጠየቁ። ሕጉም ቢሆን ወደዚያ ነው የሚወስደን።

መጀመሪያ ዛሬ ያለውን እንይ። ሁላችንም «መብራት ኃይል» ብለን የምንጠራው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ኃይል ያመነጫል፣ በትልልቆቹ መስመሮች ያስተላልፋል። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በደንብ ቁጥር 303/2006 ተቋቋመ። እርስዎ ዘንድ ቆጣሪ የሰቀለው፣ ቢል የሚያመጣው ይሄኛው ነው። ሁለቱም የፌዴራል መንግሥት የልማት ድርጅቶች ናቸው። ቦርዳቸውን የሚሰይመው ፌዴራሉ ነው። የከተማው ከንቲባም ሆነ የወረዳው አስተዳዳሪ የአገልግሎት ማዕከሉን ኃላፊ አይሾሙም፣ አይሽሩም።

ስለዚህ «የፌዴራል ንብረት ነው» ያሉት ሰዎች እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። «አያገባንም» ያሉት ላይ ግን አልስማማም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከተማው መረከብ ይችላል ወይ? ዛሬ ባለው ሕግ፣ ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ ስለወሰነ ብቻ አይችልም። ኤሌክትሪክ ለማከፋፈልና ለመሸጥ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። አዋጁ በ2010 ዓ.ም. በቁጥር 1085 ተሻሽሏል። ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ የፌዴራል ድርጅት ሀብት ነው። ባለቤቱ ሳይሰጥ የሚወሰድ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ለመረከብ የሚከራከሩት የምክር ቤት አባላት ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ የሕገ መንግሥት ነጥብ አለ። እኔ በቁም ነገር የማየው ክርክር ነው። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 የፌዴራሉን ሥልጣን ሲዘረዝር የአየርና የባቡር መጓጓዣን፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን፣ ፖስታንና ቴሌኮሙኒኬሽንን ይጠራል። ኤሌክትሪክን በስም አይጠራም። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ለብቻው ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል። ታዲያ ማከፋፈሉ የክልል ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ፌዴራሉም በበኩሉ «የሀገሪቱን አጠቃላይ የኢኮኖሚ ፖሊሲና ስትራቴጂ ማውጣትና ማስፈጸም የእኔ ነው» ሊል ይችላል። ይህን የሚዳኘው ፍርድ ቤት አይደለም። ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይህ ክርክር ቢሸነፍም ቢያሸንፍም ረጅም ነው። አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ። ክርክሩ ቢያሸንፍ ሥልጣኑ የሚሄደው ለክልሉ ነው። ከተማው ካገኘም ክልሉ በሕግ ሲሰጠው ብቻ ነው። የእርስዎ ሞተር ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ አይጠብቅም።

ከተማው ይረከብ የሚሉት ሰዎች ሌላም ነገር ማስላት አለባቸው። ከተማው ሲረከብ የሚረከበው ገቢውን ብቻ አይደለም። ያረጀውን ሽቦ፣ የተጋደመውን ምሰሶ፣ የሚቃጠለውን ትራንስፎርመር፣ የሠራተኛውን ደመወዝም ነው። ኃይሉን ከአመንጪው በጅምላ ይገዛል። የሚሸጥበትን ዋጋ ግን እሱ አይወስንም። የብሔራዊው መስመር ታሪፍ በተቆጣጣሪው ይጠናል፣ በመንግሥት ይጸድቃል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ታሪፍም በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ሆኖ የወጣው በፌዴራል ደረጃ ነው። ዋጋውን ሳይወስኑ፣ ኃይሉን ሳያመነጩ፣ መቃጠሉን ብቻ መረከብ ለአንድ ትንሽ ከተማ ከባድ ሸክም ነው። ሐሳቡን አልቃወምም። ሒሳቡ ግን ወረቀት ላይ ይውጣ።

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። ሰብሳቢው «የከተማው መራጭ አይደሉም» ያለዎት እውነት ነው። እርስዎ የሚመርጡት ለወረዳው ምክር ቤት ነው። ነገር ግን ያ መልስ የመረከቡን ሐሳብ ትልቁን ቀዳዳ ነው ያሳየው። መብራቱ የከተማው ቢሆን፣ ስለ መስመርዎ የሚወስነው እርስዎ የማይመርጡት፣ እርስዎም የማያወርዱት ምክር ቤት ይሆናል። አንድ ትራንስፎርመር ብቻ ቢገኝ ከከተማው መናኸሪያ አጠገብ ይተከል ወይስ እናንተ ቀበሌ? ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች የት እንደሚኖሩ ያውቁታል። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የመረጣቸው ሕዝብ እሱ ስለሆነ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎት። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ የኦስቲን ከተማ የራሷ የኤሌክትሪክ ድርጅት አላት። የሚመራውም በከተማዋ ምክር ቤት ነው። ድርጅቱ ከከተማዋ ወሰን ውጭ ላሉ ሰዎችም መብራት ይሸጣል። እነሱ ቢል ይከፍላሉ፣ ምክር ቤቱን ግን አይመርጡም። በእነሱ አቆጣጠር በ2013 ድርጅቱ ከምክር ቤቱ ወጥቶ በገለልተኛ ቦርድ ይመራ ወይስ አይመራ በሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የቴክሳስ ሕግ ለውጭዎቹ ደንበኞች አንድ በር ከፍቶላቸዋል። በቂ ፊርማ ካሰባሰቡ በታሪፉ ላይ ለግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ይግባኝ ማለት ይችላሉ። የእኛ ምክር ቤት አባላት ከዚህ አንድ ነገር ቢወስዱ ደስ ይለኛል። ሽቦው ከወሰን ሲያልፍ የአቤቱታ መብትም አብሮት ማለፍ አለበት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው ጋሼ። ባለቤትነቱን ተዉትና ወንበሩን፣ ማለትም ውክልናውን፣ አስቀድሙ። ወንበር ለማግኘት አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የመንግሥት እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። «አያገባንም» ያሉትን የማልቀበለው በዚህ ነው። ሽቦው የፌዴራል ቢሆንም ደንበኛው የከተማውና የወረዳው ሕዝብ ነው። የሕዝቡ ጉዳይ ደግሞ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያገባቸዋል።

እንዴት ይደረግ? የከተማው ምክር ቤትና የወረዳው ምክር ቤት አብረው ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ጋር አንድ የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረሙ። በሰነዱ የደንበኞች ኮሚቴ ይቋቋም። ኮሚቴው ትራንስፎርመር የት እንደሚቀየር፣ መስመር መቼ ለጥገና እንደሚዘጋ፣ አዲስ ቆጣሪ ጠያቂዎች በምን ተራ እንደሚስተናገዱ አስቀድሞ ይነገረው፣ ሐሳቡንም ይስጥ። አዛዥ አይሆንም። የሚጠየቅና የሚጠይቅ አካል ግን ይሆናል። ለውሃው በብዙ ከተሞች ቦርድ እንዳለ ታውቃላችሁ። ገጠር ደግሞ የቦኖ ውሃ ኮሚቴ አለ። ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሒሳብ ያቀርባል፣ ካጠፋ ይወርዳል። ሰው እንዴት እንደሚወከል የእድር ዳኛ ሲመርጥ የኖረ ሕዝብ አያጣውም።

ወሳኙ ቃል አወካከሉ ላይ ነው። እኔ ብሆን ቃለ ጉባኤው ላይ ይህን አጽፋለሁ፦ «የኮሚቴው አባላት የሚመረጡት በመኖሪያ ወሰን ሳይሆን በደንበኝነት ነው። በስሙ ቆጣሪ ያለው ሁሉ አንድ ድምፅ አለው። ከከተማው ወሰን ውጭ ያሉ ደንበኞች የራሳቸውን ተወካይ ራሳቸው ይመርጣሉ።» ከዚህ በኋላ «መራጭ አይደሉም» የሚል ሰብሳቢ መልስ ያጣል። ቆጣሪዎን ያሳዩታል። አንድ ቆጣሪ ለሁለትና ለሦስት ቤት በሚያገለግልበት ቦታ ደግሞ «ወይም ከደንበኛው መስመር የሚጠቀም ቤተሰብ» የሚል ይጨመር። አለበለዚያ ተከራዩና ጎጆ ወጪው ይቀራሉ።

«የራሳችንን የመብራት ማኅበር ብናቋቁምስ?» የሚል ጥያቄ ከሌሎች አንባቢዎች ይመጣልኛል። ዋናው መስመር ላልደረሰባቸው ቀበሌዎች መንገድ አለ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበር መሥርተው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ከዋናው መስመር ውጭ በፀሐይ ወይም በውሃ ማመንጨትና ለአባላቱ ማከፋፈል ይቻላል። እዚያ አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። የእርስዎ ቀበሌ ግን ከዋናው መስመር ጋር ስለተያያዘ ይህ አይጠቅማችሁም።

ወደ ምክር ቤቶቹ ከመሄዳችሁ በፊት መረጃ ያዙ። ክርክር ያለ መረጃ ጩኸት ብቻ ነው። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመንግሥት ባለቤትነት ሥር ባሉ ድርጅቶችም ላይ ይሠራል። በጽሑፍ ጠይቁ። እናንተን የሚመግበው መስመር ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ተቋረጠ? በስንት ሰዓት ተመለሰ? ስንት ቆጣሪ አለበት? ትራንስፎርመሩ አቅሙ ስንት ነው? ሕጉ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ ይላል። ካልመለሱ ለድርጅቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ ይላሉ። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን አዲስ መመሪያ ሲያወጣም የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ያን ጊዜ ከሰሜን ሸዋ አንድ ደብዳቤ ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው። ማንም ካልጻፈ ግን «አስተያየት አልቀረበም» ተብሎ ያልፋል።

ቅር የሚያሰኝ ነገር ሲኖር ደግሞ በቅደም ተከተል ይሂዱ። መጀመሪያ 905 ደውለው ቅሬታውን ያስመዝግቡ። የመዝገብ ቁጥር ከሰጡዎት ደብተርዎ ላይ ይጻፉት። ቀጥሎ ለአገልግሎት ማዕከሉ በጽሑፍ፣ ከዚያ ለዲስትሪክቱ፣ ከዚያ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን። ባለሥልጣኑ በባለፈቃዱና በደንበኛው መካከል የሚነሣ አለመግባባትን የማየት ሥልጣን አለው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ማዕከሉ በር ላይ ተጣልቶ ይመለሳል።

የወፍጮው ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጅ ሆኜ ወፍጮ ቤት ተራ ጠብቄያለሁ። አምፖሉ መጀመሪያ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ቀበቶው ያዛግታል፣ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል። ከዚያ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ይመጣል። የአንዲት እናት ስንዴ ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ ቋቱ ውስጥ ይቀራል። ያቺን ሰዓት ነው ማስረጃ መያዝ ያለብዎት።

ሰዓቱንና ቀኑን ይጻፉ። ጎረቤት ወፍጮና ሱቅም በዚያው ሰዓት ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት እንደሆነ ይጠይቁ፣ ስሙን ይያዙ። አንዱ ፌዝ፣ ማለትም ከሦስቱ የመብራት ሽቦዎች አንዱ፣ ብቻ ሄዶ እንደሆነ በሙያተኛ ያስለኩና ቁጥሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሞተሩን ወዲያው አያስጠቅልሉ። በመጀመሪያ ሙያተኛ ለምን እንደተቃጠለ በጽሑፍ ይመስክር። ከራሱ እርጅና ነው ወይስ ከመብራቱ ማነስና መብዛት? የፍርድ ቤት ክርክሩ የሚያርፈው እዚህች ወረቀት ላይ ነው። ካስጠቀለሉት በኋላ የሚታይ ነገር የለም። በራስዎ በኩል ደግሞ መከላከያ ብሬከሩ መኖሩንና መሥራቱን ያረጋግጡ። ተከራካሪዎ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የሚከሱት የፈረሙትን ውል መሠረት አድርገው ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። በጽሑፍ ይስጡ። በጥፋት ላይ የተመሠረተ ከውል ውጭ ኃላፊነት ከሆነ ቁጥር 2028 ነው። ከፍተኛ ኃይል የተሸከመ መስመር ወድቆ ሰው ወይም ከብት ቢጎዳ ግን ሕጉ ይጠነክራል። ቁጥር 2069 የከፍተኛ ኃይል መስመር የዘረጋ ሰው፣ አደጋው ከደረሰ ይከፍላል ይላል። ጥፋቱን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። መንግሥት ቢሆን እንኳ አይድንም። የ1952ቱ ሕግ አርቃቂዎች ኤሌክትሪክ ገና ብዙ ቦታ ሳይደርስ ይህን ማሰባቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ከውል ውጭ የሚጠየቅ ካሣ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በቁጥር 2143 በይርጋ ይታገዳል። «እናያለን፣ እናየዋለን» እየተባሉ ሁለት ዓመት ያለፈባቸው ሰዎች ቢሮዬ መጥተው አልቅሰዋል። ድርድሩ ይቀጥል፣ ቀኑን ግን ይቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ተከሳሹ የፌዴራል ድርጅት ስለሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ነው። ይህ ማለት ግን አዲስ አበባ ይሂዱ ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ያያል። ለእርስዎ ደብረ ብርሃን ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት ቢያስገቡት ሥልጣን የለኝም ተብሎ ይመለሳል፣ ይርጋውም ይሮጣል።

ጉዳቱ የብዙ ሰው ከሆነ ለየብቻ አትክሰሱ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 38 አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ሰዎች በፍርድ ቤቱ ፈቃድ በአንድ ወይም በጥቂት ሰዎች እንዲወከሉ ይፈቅዳል። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ሙያተኛ፣ አንድ መዝገብ። ወጪው ለሁሉም ይቀላል። ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት ውክልናውን ያጸድቁ።

ለትራንስፎርመር ወይም ለምሰሶ ገንዘብ አዋጥታችሁ ከነበረ ደረሰኙንና የፈረማችሁትን ወረቀት ፈልጉ። ማዋጣት ባለቤት አያደርግም፤ ንብረቱ ብዙውን ጊዜ የድርጅቱ ይሆናል። ነገር ግን ለወንበሩ ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው። «ሽቦውን የዘረጋነው እኛም ነን» ማለት የሚችል ሰው ከስብሰባ አይባረርም።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። በሚመጣው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የቀበሌውን ደንበኞች ሰብስቡ። ሦስት ሰው ምረጡ፣ አንዷ ሴት ትሁን፤ ምጣድ ጥዳ ሊጡ የሚቀርባት እሷ ናት። ከላይ የጻፍኩትን አንቀጽ በቃለ ጉባኤ አስፍሩና ሁሉም ይፈርም። አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ተጽፏል። ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ አንዱን ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ አንዱን ለአገልግሎት ማዕከሉ። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በግልባጭዎ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም ሳያስመቱ ከቢሮው አይውጡ።